«ክልል ይወስን» ሲባል በእኛ ሀገር ምን ማለት ነው? ስለ ፅንስ ማቋረጥ ሕግና አገልግሎት ከወሎ የቀረበ ጥያቄ

የኩታበሯ መምህርት፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በደቡብ ወሎ በሚገኝ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሥነ ዜጋ መምህርት ነኝ፤ የሴት ተማሪዎችን ክበብም አስተባብራለሁ። ጥያቄዬ ከዚሁ ሥራ የመነጨ ስለሆነ ረዘም ቢልም በትዕግሥት እንድታነቡልኝ እለምናለሁ።

በቅርቡ በተካሄደ አንድ የውይይት መድረክ ላይ አንድ ተናጋሪ፣ አሜሪካ እንኳ የፅንስ ማቋረጥን ጉዳይ ከማዕከል አውጥታ ለየግዛቶቿ እንደሰጠች ጠቅሰው፣ ሀገራችንም ፌዴራላዊ ስለሆነች የአማራ ክልል ምክር ቤት እንደ ሕዝቡ ሃይማኖትና ባህል የራሱን ሕግ ሊያወጣ ይገባዋል አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። ከኋላ ተቀምጠው የነበሩት ሁለት የጤና ባለሙያዎች ግን እጃቸውን አላነሡም። ሥነ ዜጋ የማስተምር ሰው ሆኜ ሳለሁ፣ ተነሥቼ ይህ ይቻላል ወይም አይቻልም ለማለት የሚያበቃ እውቀት ስላልነበረኝ አፍሬ ተቀመጥኩ።

ነገሩ የመድረክ ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ አላስቸግራችሁም ነበር። አንዲት የ16 ዓመት ተማሪዬ ከገበያ ስትመለስ በምታውቀው ሰው ተደፍራ ኖሯል፤ የነገረችኝ ግን ሁለት ወር ካለፈ በኋላ፣ የወር አበባዋ መቅረቱን ስታረጋግጥ ነው። ከእናቷ ጋር ሆነው ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ሲሄዱ፣ ከፖሊስ የተጻፈ ደብዳቤና ከቀበሌ የዕድሜ ማረጋገጫ ካላመጡ አገልግሎቱ እንደማይሰጥ ተነግሯቸው ተመልሰዋል። እናቲቱ እቤቴ ድረስ መጥተው እንዲህ አሉኝ፦ «መምህርት፣ ወረቀት አምጪ አሉኝ፤ ወረቀቱን የሚጽፈው ሰው ደግሞ የዚያው የደፋሪው አጎት ነው።» ምን ብዬ ልመልስላቸው?

ስለዚህ የሕግና የጤና ባለሙያዎች የምትገኙ ከሆነ እንድታስረዱኝ የምፈልገው፣ በመጀመሪያ ክልላችን በዚህ ጉዳይ ላይ የራሱን ሕግ ለማውጣት ሥልጣን አለው ወይ? ከሌለውስ፣ እኛ እዚህ ያለን ሰዎች ይህንን መብት በክልል ደረጃ ልንከላከል የምንችለው ማንን በማናገር ነው? የወረቀቱስ ጥያቄ ከየት የመጣ ነው?


ዘጦሳ (ጠበቃ፣ ደሴ)፦

ክብርት መምህርት፣ ስለ ልጅቷ አስቀድሜ፣ ስለ ሕገ መንግሥቱ በኋላ እናገራለሁ። የምክር ቤቱ ሥልጣን ሊቆየን ይችላል፤ የእርሷ ጉዳይ ግን በሳምንት የሚቆጠር ነው።

ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 551 እንደሚደነግገው፣ እውቅና ባለው የሕክምና ተቋም፣ ሙያው በሚፈቅደው ጊዜ ውስጥ የሚፈጸም ፅንስ ማቋረጥ በአራት ሁኔታዎች አያስቀጣም። እነርሱም እርግዝናው ከመደፈር ወይም ከቅርብ ዘመድ ጋር ከተደረገ ግንኙነት የመጣ ሲሆን፤ የእርግዝናው መቀጠል ወይም መውለዱ የእናቲቱን ሕይወት ወይም ጤንነት፣ ወይም የፅንሱን ሕይወት ለአደጋ የሚያጋልጥ ሲሆን፤ ፅንሱ ሊድን የማይችል ከባድ ጉድለት ያለበት ሲሆን፤ እንዲሁም ነፍሰ ጡሯ ባለባት የአካል ወይም የአእምሮ ጉድለት ወይም ለአካለ መጠን ባለመድረሷ ምክንያት የሚወለደውን ሕፃን ለማሳደግ በአካልም ሆነ በአእምሮ ብቁ ሳትሆን ስትቀር ነው። ተማሪዎ በመጀመሪያውም በመጨረሻውም ምክንያት ትካተታለች፤ አንዱ ብቻውን ይበቃት ነበር።

የወረቀቱን ነገር በተመለከተ፣ ሕጉ ከሚገባው በላይ ግልጽ ነው ማለት ይቻላል። አንቀጽ 552 ንኡስ አንቀጽ 2 እርግዝናው በመደፈር የመጣ መሆኑን ለማስረዳት የሴቲቱ ቃል ብቻውን በቂ እንደሆነ ይናገራል። ጤና ሚኒስቴር በዚሁ አንቀጽ በተሰጠው ሥልጣን በ1998 ዓ.ም. ያወጣውና በኋላም ያሻሻለው መመሪያም፣ ደፋሪውን በስም እንድትጠቅስ ወይም ማስረጃ እንድታቀርብ አትገደድም ይላል፤ ዕድሜዋም ራሷ የተናገረችው ተመዝግቦ የሚሠራበት እንጂ በቀበሌ መታወቂያ የሚጣራ አይደለም። የምታሟላ ሴት አገልግሎቱን በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ ማግኘት እንዳለባትም ተጽፏል። ስለዚህ ያ ጤና ጣቢያ የጠየቀው ደብዳቤ በሕጉም በመመሪያውም ውስጥ የለም። የፖሊስ ምርመራ የሚያስፈልገው ደፋሪውን ለመክሰስ ነው፤ ክሱና ሕክምናው ሁለት የተለያዩ መንገዶች ናቸው። ቤተሰቡ መክሰስ ከፈለገ (መፈለጋቸውን ተስፋ አደርጋለሁ፤ ነገር ግን ውሳኔው የእነርሱ ነው) አጎትየው ካለበት ቀበሌ መጀመር አያስፈልጋቸውም፤ በቀጥታ ወደ ወረዳው ፖሊስ ወይም ዐቃቤ ሕግ መሄድ ይችላሉ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልምጣ። በመድረኩ የተነገረው ሐሳብ «ግዛት» እና «ክልል» የሚሉትን ቃላት ስላመሳሰለ ብቻ ሁለቱን ሥርዓቶች አንድ ያደረገ ነው። በአሜሪካ የወንጀል ሕግ ከጥንት ጀምሮ በአብዛኛው የየግዛቶቹ ሥራ ነው፤ ነፍስ መግደልን እንኳ በአብዛኛው የሚዳኘው የግዛቱ ሕግ ነው። በእኛ ዘንድ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ንኡስ አንቀጽ 5 የወንጀል ሕግ የማውጣትን ሥልጣን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሰጥቶ፣ ክልሎች የወንጀል ሕግ ሊያወጡ የሚችሉት በፌዴራሉ የወንጀል ሕግ ባልተሸፈኑ ጉዳዮች ብቻ እንደሆነ ይደነግጋል። ፅንስ ማቋረጥ ደግሞ ከአንቀጽ 545 እስከ 552 ድረስ በዝርዝር ተሸፍኗል። የባሕር ዳሩ ምክር ቤት አንቀጽ 551ን ሊያጠብበው አይችልም፤ ይህንንም አብረን እንያዝ፣ ሊያሰፋውም አይችልም። ክልሉ በእርግጥ የራሱን ሕግ ያወጣበት መስክ የቤተሰብ ሕግ ነው፤ የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 79/1995 የወጣው በዚህ ሥልጣን ነው። ተናጋሪው ሁለቱን አዛብተው ይሆናል።

ከዚህ በተጨማሪ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ንኡስ አንቀጽ 9 ሴቶች በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት ከሚደርስባቸው ጉዳት እንዲጠበቁ የቤተሰብ ምጣኔ ትምህርት፣ መረጃና አቅም የማግኘት መብት እንዳላቸው ያረጋግጣል። ፅንስ ማቋረጥን በስም አይጠራም፤ ክልሎች ግን የጤና ፖሊሲያቸውን ሲያወጡ ከዚህ ድንጋጌ በታች ሊወርዱ አይችሉም።

አንድ ነገር በቅንፍ ልጨምር። ከዚህ ሕግ በፊት የነበረው የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ፅንስ ማቋረጥን የሚፈቅደው ለሴቲቱ ሕይወት ወይም ጤና ከባድና ዘላቂ አደጋ ሲኖር፣ ያውም ሐኪም በጽሑፍ መስክሮ ሁለተኛ ሐኪም ሲያጸድቀው ነበር። በዚያን ጊዜ በወሎ ገጠር አንድ ሐኪም ለማግኘት ስንት ቀን በበቅሎ ይኬድ እንደነበር ሽማግሌዎቻችንን መጠየቅ ነው። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና የማህፀንና ፅንስ ሐኪሞች ማኅበር ሕጉ እንዲሻሻል የተከራከሩት፣ ሕግ በወረቀት ላይ ፈቅዶ በተግባር ሲከለክል የሚያስከትለውን ሞት በየሆስፒታሉ ስላዩ ነው።


አዋላጅ ነርስ (ደቡብ ወሎ)፦

ጠበቃው የሕጉን ክፍል ጨርሰውታል፤ እኔ በሕጉና በጤና ጣቢያው በር መካከል ስላለው ነገር ልናገር። በዚህ ሥራ ከ15 ዓመት በላይ ቆይቻለሁ፤ ያገለገልኩባቸውን ተቋማት ስም ግን አልጠራም።

መምህርት ሆይ፣ ልጅቷን ነገ ዛሬ ሳይሉ ይዘዋት ይሂዱ። እስከ 12 ሳምንት ያለ እርግዝና በሠለጠነ አዋላጅ ነርስ ወይም ጤና መኮንን በጤና ጣቢያ ሊቋረጥ ይችላል፤ ከዚያ ካለፈ ወደ ሆስፒታል ሪፈር ይባላል፣ ጉዞውም ወጪውም ይበዛል። ወደ መጀመሪያው ጤና ጣቢያ መመለስ ካልፈለገች ማንም አያስገድዳትም፤ ደሴ የቤተሰብ መምሪያ ማኅበርም ሜሪስቶፕስም ክሊኒክ አላቸው። ደርሳ ስትመረመርም ከእርግዝናው ጋር የአባላዘር በሽታና የኤች አይ ቪ ምርመራ እንዲደረግላት ይጠይቁ። ለሌሎች ተማሪዎችዎ ደግሞ ይህን በክበብዎ ያስተምሩልኝ፦ የተደፈረች ሴት በ72 ሰዓት ውስጥ ከደረሰች የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት፣ በ5 ቀን ውስጥ ከደረሰች ደግሞ ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ ማግኘት ትችላለች። ይህን ቢያውቁ ኖሮ ወደ እኔ ባልመጡ ነበር የምላቸው ልጆች ብዙ ናቸው።

አሁን ወረቀቱ ከየት መጣ ወደሚለው ልግባ። ከክፋት የመጣ ነው ብዬ ብነግርዎት ይቀልልኝ ነበር፤ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ከፍርሃት የመጣ ነው። አዲስ የተመደበ ወጣት ባለሙያ መመሪያውን በኮሌጅ በአንድ ሰዓት ሰምቶት ያልፋል፤ ጤና ጣቢያው ላይ መመሪያው በኃላፊው መሳቢያ ተቆልፎበት ይቀመጣል። ነገ የልጅቷ ወንድም ዱላ ይዞ ቢመጣ፣ ወይም አንድ የፖሊስ አባል «ማን ፈቀደልህ?» ቢለው የሚያሳየው ነገር እንዲኖረው ሲል ደብዳቤ ይጠይቃል። ወረቀቱ ለእርሷ ሳይሆን ለእርሱ መከለያ ነው። አንድ ጊዜ እኔ ራሴ ገና ሥራ ስጀምር ከአንዲት ልጅ የቀበሌ ወረቀት ጠይቄያለሁ። በሦስተኛው ሳምንት ሌላ ቦታ ሞክራ፣ በከባድ ደም መፍሰስ ተሸክመው አመጧት። ተረፈች፤ ማህፀኗ ግን አልተረፈም። ከዚያ ወዲህ ወረቀት ጠይቄ አላውቅም።

በእምነቴ ምክንያት አልሠራም የሚሉም አሉ፤ ለምንስ ይዋሻል፣ ከባልደረቦቼ ውስጥ አሉ፣ እኔም አከብራቸዋለሁ። ይሁን እንጂ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 299/2006 የጤና ባለሙያ በግል እምነቱ ምክንያት የእርግዝና መከላከያን፣ በሕግ የተፈቀደ ፅንስ ማቋረጥንና ደም መስጠትን የመሰሉ አገልግሎቶችን መከልከል እንደማይችል ይናገራል። በተግባር ግን በፈረቃ ሁለት ሰው ብቻ ባለበት ጤና ጣቢያ አንዱ ካልፈለገ፣ ሌላውም ሥልጠና ላይ ከሆነ፣ ሕጉ ለዚያ ሳምንት የለም ማለት ነው።

ሚስጥር መጠበቅን ደግሞ ማንም አይጠይቅም። የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ የልጅቷ ጎረቤት ናት፤ የጤና መድን ደብተሩ በአባቷ እጅ ነው፤ የአገልግሎቱ ክፍል ከእናቶችና ሕፃናት ክፍል ፊት ለፊት ነው፣ ክትባት የምታስከትብ አክስት ተሰልፋ ትጠብቃታለች። አንዳንዶቹ ከሐይቅ ተነሥተው ኮምቦልቻ ድረስ የሚሄዱት አገልግሎቱ በአቅራቢያቸው ስለሌለ ሳይሆን የሚያውቃቸው ሰው እንዳያያቸው ነው። ከዓረብ ሀገር የተመለሱ እህቶች ጉዳይ ደግሞ ራሱን የቻለ ነው። አሠሪዋ ወይም ደላላው የደፈራት ልጅ ቤተሰቧ ጋ ከመግባቷ በፊት ባቲ ወይም ኮምቦልቻ ላይ ሁለት ቀን አርፋ፣ በእጇ ምንም ወረቀት ሳይኖር ትመጣለች። ጅዳ ላይ የተፈጸመ ወንጀል ከየትኛው ቀበሌ ነው ደብዳቤ የሚጻፍለት?

በ2014 ጦርነት ወቅት ደሴንና ወልድያን ጨምሮ በርካታ የወሎ ጤና ተቋማት ሲዘረፉ፣ የተደፈሩ ሴቶች ቁጥር የጨመረውና አገልግሎቱ የጠፋው በአንድ ወቅት ነበር። ያን ጊዜ ሕጉ አልተለወጠም፤ አንዲት ፊደል አልተነካችም። የጠፋው አልጋው፣ መሣሪያው፣ ለማቋረጥ የሚሰጠው መድኃኒት ሚሶፕሮስቶሉና ባለሙያው ነው። ስለዚህ «በክልል ደረጃ መከላከል» ማለት በእኔ አስተያየት ሕግ ማውጣት አይደለም፤ የክልሉ ጤና ቢሮ፣ የዞኑ ጤና መምሪያና የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት በእጃቸው ያለውን ነገር መጠየቅ ነው። በየጤና ጣቢያው ቢያንስ ሁለት የሠለጠኑ ሰዎች አሉ ወይ? መድኃኒቱ በየሩብ ዓመቱ ጥያቄ ውስጥ ይገባል ወይስ ይረሳል? መንገድ ሲዘጋ ሪፈር ወዴት ነው? መመሪያው በአማርኛ ተጽፎ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል ወይ? እነዚህን ጥያቄዎች ከመድረክ ላይ የጠየቀ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም።


የሐይቅ ልጅ፦

ሁላችሁንም በአክብሮት አንብቤያለሁ። በልጅቷ ላይ ለደረሰው ነገር ልቤ አዝኗል፤ ደፋሪው ለሕግ እንዲቀርብም እመኛለሁ። ነገር ግን ዝም ብዬ ባልፍ ህሊናዬ አይፈቅድልኝም። ወሎ ቄሱና ሸኹ አንድ መሶብ የሚቀርቡበት ሀገር ነው፤ በብዙ ነገር ቢለያዩም ሕይወት የፈጣሪ ናት በሚለው ላይ አይለያዩም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፅንስ ማቋረጥን ኃጢአት ነው ብላ ታስተምራለች። የሴቲቱ ቃል ብቻ ይበቃል የሚለው ድንጋጌም፣ መደፈር ላልደረሰባትም በር የሚከፍት ይመስለኛል። ክልሉ ሕግ ማውጣት አይችልም ከተባለ እቀበላለሁ፤ ነገር ግን ሕዝቡ በተወካዮቹ በኩል ሕጉ እንዲጠብቅ ቢጠይቅ ስህተቱ ምኑ ላይ ነው?


ዘጦሳ (ጠበቃ፣ ደሴ)፦

ስህተት የለውም፣ ወንድሜ፤ ሕግ እንዲሻሻል መጠየቅ የእርስዎም የእኔም መብት ነው። እኔ የምቃወመው ሕጉ ሳይሻሻል በየጤና ጣቢያው በር ላይ እንደተሻሻለ አድርጎ መሥራትን ነው። የወረዳ ባለሙያ አዲስ አበባ ያለውን ምክር ቤት ተክቶ ሕግ ሊያወጣ አይችልም።

የቃሉን ነገር በተመለከተ፣ ሕግ አውጪው ይህንን የጻፈው ሴቶች አይዋሹም ብሎ አይመስለኝም። የመደፈር ክስ በፍርድ ቤት እስኪያልቅ ድረስ ልጁ ተወልዶ ዳዴ ይላል፤ ማስረጃ ይቅረብ ማለት በተግባር ፈቃዱን መሰረዝ ነው። በሁለት አደጋዎች መካከል መርጦ ነው የጻፈው። የቀበሌው ጸሐፊ የደፋሪው አጎት በሆነበት ሀገር ምርጫው ትክክል ነበር ባይ ነኝ፤ እርስዎ የተለየ አስተያየት ሊኖርዎት ይችላል።

ሕጉ ሁሉን ፈቅዷል እንዳይባልም፣ ድህነት ብቻውን የሚፈቅድ ምክንያት አይደለም፤ በአንቀጽ 550 መሠረት ቅጣት ያቀልላል እንጂ ከወንጀልነት አያወጣም። ከአራቱ ሁኔታዎች ውጪ ራሷ ያቋረጠች ሴት ዛሬም በቀላል እስራት ልትቀጣ ትችላለች።


የዳናው ደረሳ፦

ስለ እስልምናው አንድ ቃል ብቻ። ሸኹም ቄሱም በዚህ ላይ አንድ ናቸው የሚለው በጥቅሉ ልክ ቢሆንም፣ በወሎ መድረሳዎች በሚቀሩት የሐነፊና የሻፊዒ ኪታቦች ውስጥ ፅንሱ ነፍስ ከሚነፋበት ከ120 ቀን በፊት ስላለው ጊዜ ዑለማው የተለያየ አቋም አላቸው፤ በቂ ምክንያት ሲኖር የሚፈቅዱም የሚከለክሉም አሉ። የእናቲቱ ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ ደግሞ እናቲቱ ትቀደማለች የሚለው ብዙ የሚከራከሩበት አይደለም። ቤተሰቡ ሙስሊም ከሆነ የሚያምኑትን ዓሊም ይጠይቁ፤ ሳይጠይቁ ሃይማኖት ከለከለን ብለው ልጅቷን አያስጨንቋት።


የወልድያ ልጅ (ከሜሪላንድ)፦

ከሀገር ከወጣሁ 18 ዓመት ሆኖኛል፤ ወልድያ ተወልጄ አሁን ሲልቨር ስፕሪንግ እኖራለሁ። በመድረኩ አሜሪካ ለግዛቶች ሰጠች የተባለው እውነት ነው፤ ሆኖም ታሪኩ እዚያ ላይ አይቆምም።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጥር 1965 ዓ.ም. በሮ እና ዌድ መካከል በነበረው ክርክር ለሴቶች ያረጋገጠውን መብት፣ ሰኔ 17 ቀን 2014 ዓ.ም. ከሚሲሲፒ ግዛት በመጣ የዶብስ መዝገብ ሻረው። ከዚያ በኋላ ቴክሳስን የመሰሉ ግዛቶች ፈጽመው ሲዘጉ፣ ሌሎች ደግሞ መብቱን በየግዛታቸው ሕገ መንግሥት ውስጥ ጻፉት። አንድ ሰው «ሕዝብ ይወስን» ሲል ሕዝቡ ይከለክላል ብሎ እንደሚያስብ ከንግግሩ ያስታውቃል። የሆነው ግን ሌላ ነው። በሪፐብሊካኖች ግዛትነት የምትታወቀው ካንሳስ ከውሳኔው በኋላ በስድስተኛው ሳምንት ባደረገችው ሕዝበ ውሳኔ፣ መብቱን ከሕገ መንግሥቷ ሊያስወጣ የቀረበውን ማሻሻያ ከ100 ሰዎች 59ኙ ውድቅ አደረጉት። ሚሺጋን በ2015፣ ኦሃዮ በ2016 መብቱን አጸደቁ። በ2017 በፍሎሪዳ ከመራጩ 57 በመቶው ደግፎ ሳለ 60 በመቶ ያስፈልግ ስለነበር ወደቀ። በዚያው ዕለት እኔ በምኖርበት በሜሪላንድ ከመራጩ ከአራት ሦስት እጅ ያህሉ ደገፈው፤ ከቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው ሰዎች ከፊሎቹ በአንዱ ወገን፣ ከፊሎቹ በሌላው ሲመርጡ አይቻለሁ፤ ከዚያ በኋላም አብረን ዝክር በልተናል።

ይህን የጻፍኩት እናንተም እንዲሁ አድርጉ ለማለት አይደለም፤ ጠበቃው እንዳሉት ሥርዓቱ ሌላ ነው። ልትጠነቀቁበት የሚገባው የአሜሪካ ጉዳይ ግን ሌላኛው ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 በፕሬዚዳንት ሬገን ዘመን የተጀመረ አንድ ፖሊሲ አለ፤ የአሜሪካን የጤና እርዳታ የሚቀበል የውጭ ድርጅት በሌላ ሰው ገንዘብም ቢሆን ስለ ፅንስ ማቋረጥ አገልግሎት እንዳይሰጥና እንዳይመክር የሚያስገድድ ነው። ዴሞክራት ሲመረጥ ይነሣል፣ ሪፐብሊካን ሲመረጥ ይመለሳል፤ በጥር 2017 ዓ.ም. እንደገና ተመልሷል። ስለዚህ የኦሃዮ ገበሬ የሰጠው ድምፅ የደሴን ክሊኒክ መደርደሪያ ሊያጎድለው ይችላል። አዋላጇ ስለ መድኃኒት አቅርቦት የጠየቁት ጥያቄ ለዚህ ነው የሚያሳስበው፦ በእርዳታ የሚመጣው ቢቀር የክልሉ በጀት ይሸፍነዋል ወይ?


አዋላጅ ነርስ (ደቡብ ወሎ)፦

እርስዎ የጠቀሱት ነገር ደርሶብናል፤ ድርጅቶች ሥልጠና ሲያቋርጡ የሚተካቸው አልነበረም። ለሐይቁ ወንድሜ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። በጉትማኸር ተቋም ጥናት ግምት መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በሀገራችን ከተቋረጡት እርግዝናዎች 27 በመቶው ብቻ በጤና ተቋም የተፈጸሙ ሲሆኑ፣ በ2014 ወደ 53 በመቶ ከፍ ብሏል። ቀሪው በየጓዳው የሆነው ነው። ሕጉ ቢጠብቅ የሚቀንሰው በጤና ተቋም የሚፈጸመው ነው፤ የጓዳው ግን እኔ ባለሁበት ክፍል በደም ተነክሮ ይመጣል። በዚህ ዓይነት መብት ላይ ልንስማማ አንችል ይሆናል፤ ልጅቷ በደም ተነክራ እንዳትመጣ ግን ሁለታችንም እንፈልጋለን ብዬ አምናለሁ።


የኩታበሯ መምህርት፦

ለሁላችሁም ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። ትናንት ከእናቲቱ ጋር ሆነን ልጅቷን ወደ ሌላ ጤና ተቋም ወስደናታል። አንቀጽ 552ን በወረቀት ጽፌ በቦርሳዬ ይዤ ነበር፤ ማውጣት አላስፈለገኝም። የተቀበለችን ነርስ ልጅቷን ለብቻዋ አስገብታ አነጋገረቻት፣ ዕድሜዋን ጠይቃ የነገረቻትን ጻፈች፤ ስለ ደብዳቤ አንድም ቃል አልተነሣም። 11 ሳምንት ሆኗታል። ሰኞ ቀጠሮ አላት።

እናቲቱ ለመክሰስ ወስነዋል፤ አባትየው ገና አልቆረጡም። ጠበቃው፣ ፈቃድዎ ከሆነ በግል መልእክት ልጽፍልዎት እፈልጋለሁ።

በሚቀጥለው የወረዳው መድረክ ላይ ደግሞ አዋላጇ የዘረዘሯቸውን ጥያቄዎች ለጤና ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቀርባለሁ። የመጀመሪያው ጥያቄዬ መመሪያው የት ተለጥፏል የሚለው ነው። የአማርኛው ቅጂ ያላችሁ ካላችሁ እባካችሁ ላኩልኝ፤ አባዝቼ እሄዳለሁ።


አዋላጅ ነርስ (ደቡብ ወሎ)፦

እኔ ጋ አንድ አለ፤ ገጾቹ ተጨማደዋል እንጂ ይነበባል። ፎቶ አንሥቼ ዛሬ ማታ እልክልዎታለሁ። ሰኞ ስትሄዱ ልጅቷ ወፍራም ነጠላ ትያዝ፣ ከዚያ በኋላ የሚበርዳት ይሆናል፤ ለሁለት ቀን ውሃ አታስቀዷት። ደሙ ከበዛ፣ ማለትም በሰዓት ሁለት ሞዴስ እየሞላ ለሁለት ሰዓት ከቀጠለ፣ ወይም ትኩሳት ካላት ቀጠሮ አትጠብቁ፣ በዚያው ሰዓት መልሷት።